የትልቁ አዳራሽ ፉጨት

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጠዋት ከመጋዘን የወጣ፦ ፕሮጀክተር ስድስት፣ ገመድ አልባ ማይክ አራት፣ ረጅም ኬብል አንድ ጥቅል፣ ባትሪ አንድ ካርቶን። አንደኛው ፕሮጀክተር ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርጋል። ለሒሳብ ትምህርት ክፍል ይሁን ብያለሁ፤ ቁጥር ቢጫ ቢሆን አይለወጥም።

የዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ መንፈቅ ዛሬ ተጀመረ። የመማሪያ ክፍሎቹንና የስብሰባ አዳራሾቹን ድምፅና ፕሮጀክተር የያዝኩበት ውል የሚያልቀው በዚሁ መንፈቅ ነው። የንብረትና የክፍሎች ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠርታኝ፣ "መጋቢት መጨረሻ ላይ ከውጭ እንግዶች የሚመጡበት ትልቅ ጉባኤ አለን። እሱን ያለ እንከን ካሳለፉልን ስለ ውሉ አይጨነቁ" አለችኝ። አልጨነቅም። ሬዲዮ እየጠገንኩ ጀምሬ እዚህ የደረስኩት በጆሮዬ ነው።

ትልቁን አዳራሽ እንደ ደንባችን ፈተሽን። ሌላው ባለሙያ "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላል። እኔ ዘንድ ግን ረዳቴ ሽቦ መድረኩ ላይ ሆኖ የሳምንቱን ቀናት ይጠራል፣ እኔ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሰባቱም ጥርት ብለው ከደረሱኝ አዳራሹ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ሽቦ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቅጥነቱን ያየ ስሙን አይጠይቅም።

ዛሬ ሰኞ አልጠራልኝም። ስፒከሮቹ "ሰ"ን ይበላሉ።

"ቀጭኑን ድምፅ ጨምር" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይበቃዋል።"

"ጨምር አልኩህ!"

"እሺ። መቼም ሰኞ ለማንም ጠርቶ አያውቅም" ብሎ ጨመረ።

የካቲት 5

ሩጫ ብቻ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዷ መምህርት "ፕሮጀክተሩ ሞተ" ብላ ሰው ላከችብኝ፤ ኬብሉን ሳትሰካ ነው። ስልኬ አይጮህም። ሽቦ ደጋግሜ ደወልኩ ይላል። አዲስ ስልክ መግዛት አለብኝ። የዘንድሮ ዕቃ ከፋብሪካው ታሞ ነው የሚወጣው።

የካቲት 12

ክው ብያለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

አዳራሹን ፈትሸን፣ ሰኞም እሑድም ጠርተውልኝ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ መነጽሬን መጨረሻው ወንበር ላይ መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ሽቦ ድምፁን የምናስተካክልበት ሚክሰር ላይ አጎንብሶ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ማዞሪያ ወደ ኋላ ይመልሳል። ማዞሪያው ጎን በእርሳስ ምልክት ሁሉ አድርጓል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

ደነገጠ። "ሰው ሲሞላ ድምፁ ስለሚለወጥ ነው ጋሼ።"

"ሰው ሲሞላ ድምፅ ይታፈናል። ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

"ስንቴ አድርገኸዋል?"

"ሁልጊዜ" አለ። "ካለፈው ዓመት ጀምሮ።"

አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ ያስተካከልኩትን እሱ ከኋላዬ ሲያበላሽ! የእህቱን ባል፣ የእንጀራውን አለቃ! ሰዉ ሁሉ "የአዳራሻችሁ ድምፅ ማር ነው" ሲለኝ የከረመው እንግዲህ ተበላሽቶም ነው። ባይበላሽ ኖሮ ምን ሊሉ ነበር?

የካቲት 14

ለሚክሰሩ ክዳን አሠራሁ። ጠንካራ ፕላስቲክ፤ ውስጡ ይታያል፣ አይነካም። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ።

ሽቦ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ወፍ ገዛህ እንዴ ጋሼ?" አለኝ።

"አዎ። እንዳትበር።"

ወፍ ሲባል ትዝ አለኝ። ዘንድሮ ደጃችን ያለው ዛፍ ላይ ወፍ የለም። ድሮ ማለዳ የሚያስተኙን መቼ ነበር? ይህን ለሚስቴ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ብርድ ግን አልነበረም።

የካቲት 21

የመጀመሪያው ቅሬታ መጣ። በትልቁ አዳራሽ የሚያስተምረው የሕግ መምህር "ስፒከሩ እያፏጨ ተማሪዎቼን ራስ አሳመማቸው" ብሎ ለኃላፊዋ ጽፏል። ውል ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎብኝ አያውቅም። ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት፤ ስለ ሌላ አዳራሽ የጻፈ መስሎኝ።

ወዲያው ሄጄ ማይኩን ይዤ ከዳር ዳር ተመላለስኩ። ምንም ፉጨት የለም። ሽቦ አጠገቤ ቆሞ ሎሚ እንደ ነከሰ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

"ምን ሆንክ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ" አለና ማይኩን ከእጄ ወስዶ አጠፋው።

ፊቱ አላማረኝም። መምህሩን ማን እንደነካካብኝ ማጣራት አለብኝ።

የካቲት 27

ሌላ ቅሬታ፣ ከሌላ መምህር። የስፒከር አቅራቢዬ ጋ ሄጄ "አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሸጥክልኝ" አልኩት። በልጆቹ ማለ። አላመንኩትም፤ በዚህ ገበያ በልጆቹ የማይምል የለም። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን የስፒከሮቹን ክፍሎች በሙሉ አስቀየርኩት።

መልሰን ስንሰቅል ሽቦ መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አለ።

"አህያው ማን ነው?"

"ተረት ነው ጋሼ። መፍቻውን አቀብለኝ።"

ሰኞ አሁንም አልጠራም። አዲስ ስፒከር፣ ያው መታፈን። ትንሽ ጨመርኩና ቆለፍኩት።

መጋቢት 4

ዛሬ ያፈርኩትን ማፈር በጠላቴ አይድረስ።

የዲኖቹ ስብሰባ መኻል መብራት ጠፋ። መብራት ሲሄድ ሚክሰሩን ከነፕሮጀክተሩ ለጊዜው የሚያቆይልን ዩፒኤስ ከሥር አለ። አላቆየውም። ሁሉም ነገር በአንዴ ድርግም አለ። አንዱ ዲን በጨለማው ውስጥ፣ "እንግዲህ እንጸልይ" አለ፤ ሳቁ።

ሽቦን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። "የዩፒኤሱ ባትሪ መድከሙን ለምን አልነገርከኝም? ሲደክም ጲጵ ይላል እኮ!"

"ሲጮህ ሰነበተ። አጠገቡ ቆመህ ሻይ ስትጠጣ ሁሉ ይጮህ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ሰምተህ ዝም ያልክ መስሎኝ ነዋ ጋሼ። እየተቆጣጠርከው መስሎኝ።"

ዓይኔ እያየ ሲዋሽ! አጠገቤ ዕቃ ጮኾ እኔ ዝም የምል ሰው ነኝ? ጮኽኩበት። ሰው ፊት መጮህ አልነበረብኝም፤ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ግን ውሸት አልወድም።

መጋቢት 8

ነገሩ ተገለጠልኝ። ከፎቅ ስወርድ ሽቦና ኃላፊዋ ቢሮዋ በር ላይ ቆመው በሹክሹክታ ያወራሉ። ሁለት ክንድ ያህል ስቀርባቸው እንኳ አንድ ቃል አልያዝኩም፤ ይህን ያህል ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ሲያዩኝ ሁለቱም ዝም አሉ። ኃላፊዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አላማረባትም።

ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ሥዕል አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ ድምፄን ያበላሻል። ከዚያ ቅሬታ ይመጣል። ከዚያ ዩፒኤሱን ይተወዋል። ከዚያ ውሉን በራሱ ስም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን፣ ኅሊና ባይኖረኝ፣ እንደዚሁ ባደረግኩ ነበር።

ማታ ቤት ጠርቼ አሰናበትኩት። ይከራከራል ብዬ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተከራከረም። የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

"ለጉባኤው ቀን ግን ቀጭኑን ቀንሰው። ስለ እህቴ ስትል" አለኝ።

"ሥራዬን አታስተምረኝ።"

ወጣ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ጆሮ ለባለቤቱ..." ብላ ተረት ጀመረች። አልጨረሰችውም። የወንድሟን ሰሐን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

መጋቢት 13

ብቻዬን መሥራት ከብዶኛል። ክፍሎቹ ብዙ፣ ደረጃው ብዙ። ሰው ከኋላዬ ይጠራኛል መሰለኝ፤ ስዞር ተቆጥቶ ቆሞ አገኘዋለሁ። አንድ መምህር "ትከሻዎትን ካልነኩ አይዞሩም እንዴ?" አለኝ። ክብር ጠፍቷል በዚህ ግቢ።

ኃላፊዋ በደብዳቤ፦ "በተደጋጋሚ ቢነገራቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።" እኔ! ማንም ምንም አልነገረኝም። ማን፣ መቼ ነገረኝ?

ሚስቴ ካኮረፈች ሰነበተች። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጋቢት 21

ለጉባኤው አዳራሹን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ቀናቱን የሚጠራልኝ ስለሌለ የራሴን ድምፅ ስልኬ ላይ ቀድቼ፣ ማይኩ ፊት አስቀምጬ፣ ከኋላ ሆኜ አዳመጥኩ። ሰኞ አልጠራም። ሐሙስም የለም። ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ጥላ እጇን እያወናጨፈች ወጣች። ሥራ የበዛባት መሰለኝ።

ክዳኑን ቆለፍኩ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ጠዋት የወጣ፦ ያለኝ ሁሉ።

አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመጀመሪያው ተናጋሪ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከቆሙበት የማይነቃነቁ ሰው ናቸው፤ በሰላም አለፈ። ኃላፊዋ ከወዲያኛው ዳር አየችኝና አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። ውሉ በእጄ ገባ ብዬ ነበር። በልቤ ለሽቦ "አየህ?" ሁሉ አልኩት።

ቀጥሎ የውጭ እንግዳዋ ወጡ። በዕድሜ የገፉ፣ መቀመጥ የማይወዱ ሴት። ገመድ አልባውን ማይክ ይዘው እየተንጎራደዱ ከመድረኩ ወረዱ፤ በስፒከሩ ሥር አለፉ።

ፊት ያሉት ቀደሙ። ከዚያ መኻል ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። ነፋስ እንደገባበት ማሳ፣ የአዳራሹ ሰው እጅ ሁሉ ወደ ጆሮው ወጣ።

እኔ የመሰለኝን ልጻፈው፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም። ለእንግዳዋ የሚሰጥ ሰላምታ መሰለኝ። የውጭ ሰው ወግ አይታወቅም፣ እንዲህ አድርጉ ተብለው ይሆናል ብዬ። ፈገግ አልኩ። እኔም እጄን ላነሣ ነበር።

ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። ሎሚ የነከሰ ፊት፤ የሽቦ ፊት፣ በመቶ ተባዝቶ። እንግዳዋ ማይኩን መሬት ወረወሩት። ዱብ ያለው ተሰማኝ። ኃላፊዋ አፏ እየተከፈተ እየተዘጋ ወደ እኔ ትሮጣለች። ሚክሰሩን አየሁ። እነዚያ ትንንሽ መብራቶች አረንጓዴ ሲሆኑ ደህና ነው፤ ቢጫ ጠንቀቅ በል ነው፤ ቀይ ጩኸት ነው። ሁሉም ቀይ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች። ጆሮዬ ግን እንግዳዋ ንግግራቸውን ካቆሙ ወዲህ ጸጥታ ነው ይለኛል።

ማዞሪያውን ልቀንስ እጄን ሰደድኩ፤ ፕላስቲኩ መለሰኝ። ቁልፉ ኮቴ ውስጥ ነው። ኮቴ መጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ነው። ማይኩ ወለሉ ላይ፣ ስፒከሩ ሥር፣ እንደበራ ወድቋል። መጨረሻ ላይ ተንበርክኬ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። መብራቶቹ ጠፉ። እጆቹ ወረዱ። ጸጥታው ለኔ ያው ነበር። ምንም አልተለወጠም።

ከፊት ረድፍ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "ሰውዬው አይሰማም እንዴ?" አለ።

ይህን ሰማሁ። አጥርቼ ሰማሁት።

ቀሪውን ቀን እንግዶቹ በባዶ ጉሮሯቸው ተናገሩ።

መጋቢት 25

ስፒከሩ ነው።

መጋቢት 26

ስፒከሩ አይደለም። አዲስ ነው። አስቀይሬዋለሁ።

አልወጣሁም። ሚስቴ ሐኪም ልጥራ አለች። ራሴን ነው አልኳት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ትልቋ ልጄ፣ ባንክ የምትሠራው፣ መጋዘኑን ልታስተካክልልኝ መጣች። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ኬብል ስትጠቀልል የስፒከር መሞከሪያውን ድምፅ ከፈትኩ። ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ነው። ሰማሁ፣ ሰማሁ፣ ከዚያ ቆመ። የመሞከሪያውን መብራቶች አየሁ። ገና ወደ ላይ እየወጡ ነው።

"አባዬ! ኧረ አጥፋው! ምን ነካህ?"

ሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። አጠፋሁት። የሆነ ነገር ፊቴ ላይ አየች መሰለኝ፤ ኬብሉን ጥላ መጣች።

"ዙር" አለችኝ። "ጀርባህን ስጠኝ። ሲሰማህ ጣትህን አንሣ፤ ሲያቆም አውርደው።"

"ልጅ መሰልኩሽ?"

"ዙር አባዬ።"

ዞርኩ። ጣቴን አነሣሁ። ድምፁ ቀጠነ፣ ራቀ፣ ቆመ። ጣቴን አወረድኩና ጠበቅኩ፤ ሌላ ትጀምራለች ብዬ። ዝም አለች። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል፣ አንድ ጆሮዋን በትከሻዋ ሌላውን በእጇ ደፍና፣ ማዞሪያውን ገና እያዞረችው ነው። እንባዋ ይወርዳል። እኩሌታው እንኳ አላለቀም።

ክዳኑን ስቆልፍ ምን እንደቆለፍኩ አሁን ገባኝ። እዚያ በእርሳስ የተደረገው ምልክት ትክክለኛው ቦታ ነበር።

መጋቢት 29

ሚስቴን ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። "ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ወንድምሽስ?"

"መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?" ጮኽኩ መሰለኝ፤ ሸሸት አለች።

"ነግሬህ ነበር" አለች። "ጓዳ ሆኜ ነገርኩህ፣ አልመለስክልኝም። አልጋ ላይ ነገርኩህ፣ ዝም አልክ። ተቀየመኝ ብዬ ተውኩት። እሱም መድረክ ላይ ሆኜ በማይክ ነገርኩት ብሎኛል። 'ጋሼ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ' አልኩት፣ 'ጨምር' አለኝ ብሎ ስቆ ነገረኝ። ከዚያ አለቀሰ።"

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

"ወፎቹስ?" አልኳት።

"አሉ" አለች። "ጠዋት ጠዋት አላስተኛ ብለውኛል።"

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ኃላፊዋ ጋ ሄድኩ። "ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ጆሮዬ ነው" አልኳት። ለውጭ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። የሚያስፈራውን ያህል አያምም።

ወንበሯን አዞረች። "ያ ቀጭኑ ሠራተኛዎስ?"

"አባረርኩት። ከእርስዎ ጋር በሹክሹክታ ሲያወራ አግኝቼው።"

"ሹክሹክታ?" ሳቋ መጣና መለሰችው። "እኛ እኮ እንደ ሰው ነበር የምናወራው። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?"

"ውሉን በስሜ አድርጉልኝ ነዋ።"

"የለም። 'የጉባኤው ቀን በጓሮ በር አስገቢኝና ሚክሰሩ አጠገብ ልቀመጥ፣ ጋሼ እንዳያውቅ' ነው ያለኝ። ፈቅጄለት ነበር። ኋላ መጥቶ 'ተይው፣ የክዳኑን ቁልፍ ላገኝ አልቻልኩም፤ ከኪሱ አይለየውም' አለኝ።"

በንግድ ብዙ ሰው ከድቶኛል፤ ክህደት ሲመጣ ከሩቅ አውቀዋለሁ እል ነበር። ይህኛውን ግን የማውቅበት ልምድ የለኝም።

ውሉን ዓርብ ትወስናለች። "ሚክሰሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ልወቅና" አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ።

ነገ፦ ጠዋት የክዳኑን ቁልፍና የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ ሽቦ ቤት። ይቀበለኝ አይቀበለኝ አላውቅም። ምክንያት ሳላበዛ፣ ልጆቹ ፊት ሳይሆን፣ ይቅርታ ልጠይቀው። ከዚያ የጆሮ ሐኪም። ልጄ ከባንክ ፈቃድ ወስዳለች፤ አብራኝ ትቀመጣለች፣ ስሜ ሲጠራ እንድትነግረኝ።